ለማውሮ ያሰርኩለት ቋጠሮ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት፣ እዚሁ ሮም ነው። እስካሁን ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል።

ባዳንቴ፣ ማለትም የአዛውንት ተንከባካቢ፣ ሆኜ የማስታምማቸው ሲኞር ኤንዞ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ቴቬሬ ወንዝ ዳር እወስዳቸዋለሁ። እሳቸው ያዝዙኛል፣ እኔ አጠምዳለሁ።

የምንፈልገው ሉቾፔርካ የሚሉትን ጥርሳም ዓሣ ነው። ብርድ ሲጀምር ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ ክሩ ላይ እንደ ልቡ እንዲንሸራተት ይደረግና፣ በሚፈለገው ጥልቀት ልክ ትንሽ ቋጠሮ ይታሰራል። ቡሹ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ መንጠቆው ከወንዙ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ቡሼ ስጥም አለ። ስስበው ከባድ ነው። አጠገባችን የሚያጠምድ ማውሮ የሚባል ሰው ነበር፤ ክሩ ከእኔ ክር ጋር ተጠላልፏል። ዓሣው ብቅ ሲል ቀድሞኝ አፈፍ አደረገው።

«የእኔ ነው!» አለ።

«መንጠቆው የእኛ ነው፣ አይቻለሁ!» ብለው ጮሁ ሲኞር ኤንዞ።

«አንተ ሽማግሌ ኖኖ፣ አፍንጫህን እንኳ አታይም!» ብሎ ሳቀ ማውሮ። አብረውት የመጡት ጓደኞቹም ሳቁ። ዓሣዬን ታቅፎ ፎቶ ተነሣ።

 ቤት ገብተን ምሳ ሳቀርብላቸው ሲኞር ኤንዞ ማንኪያውን አስቀምጠው፣ «እውነት አላይም እንዴ?» አሉኝ።

በሳምንቱ እኛ ስንይዝ ማውሮ ባዶውን ዋለ። ምንም እንዳልተፈጠረ መጥቶ፣ «አሎራ፣ እሺ፣ እንዴት ነው የምታስረው? አሳየኝ» አለኝ። ፈገግ ብዬ በገዛ እጄ አሰርኩለት። ውሃው አምስት ሜትር ይሆናል፤ ቋጠሮውን ሁለት ሜትር ላይ አደረግሁት።

«ቫ ቤኔ፣ በቃ፣ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው» አልኩት።

ሦስት ቅዳሜ ዝናብ እየደበደበው ታገሠ። እኔ ባወጣሁ ቁጥር ዓሣውን በደንብ እንዲያየው ከፍ አድርጌ እይዘው ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሲኞር ኤንዞ እጄን ጎተት አደረጉኝ። «የዚያ ሰውዬ ቡሽ ውሃ ሲነካ፣ ክሩ ብዙም ሳይወርድ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አጭር አድርገህ ነው ያሰርክለት?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ ሲኞር።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ያን ቀንም ባዶውን የዋለው ማውሮ የማጥመጃ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ ሰብሮ ሄደ፤ ዳግመኛ አላየነውም።

ሲኞር ኤንዞ ብርዱ ሳይወጣ አረፉ። በዐቢይ ጾም ንስሐ ልገባ ሄጄ ለንስሐ አባቴ የሠራሁትን ሁሉ ዘረዘርኩ። ይችን የቋጠሮዋን ነገር ግን ዘለልኳት። ብናገር «ሁለተኛ አልደግመውም» በል ይሉኛል፤ በእግዚአብሔር ፊት ደግሞ መዋሸት አልፈለግሁም።