አብዛኛው አባል ደግፏል

ፍኖተ ሰላም ላይ ሎጂክ አስተምራለሁ። «ሁሉም»፣ «አንዳንድ» እና «ምንም» በሚሉ ሦስት ቃላት ብቻ ተማሪ ሳደክም ብዙ ዓመት ቆየሁ። በኋላ «አብዛኛው» እና «ይበልጣል» የሚሉትን ጨመርኩ፤ በስብሰባ ላይ ሰው የሚሸወደው በእነሱ ነውና።

አምና አባቴን ልጠይቅ ቆጋ ሄድኩ። ሽንኩርታቸው ራስ መያዝ ጀምሮ ነበር፤ የሚያሰጋቸው ውሃው ነው። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር የታችኛውን ማሳ ተራ ከየሳምንቱ ወደ አሥራ አምስት ቀን ሊያርቅ ተሰብስቧል። ለዚህ ከአባላቱ ሁሉ ከግማሽ በላይ መደገፍ አለበት። የአባቴ ማሳ ከታች ነው።

ማሳው ከቦዩ ራስ ላይ ያለው ሊቀመንበር እጅ አስወጣና ዙሪያውን ቃኘ። «አብዛኛው አባል መጥቷል፤ ከመጣው አብዛኛው ደግፏል፤ ስለዚህ አብዛኛው አባል ደግፏል» አለ።

ደስ አለኝ። ሰሌዳ ላይ ስደክምበት የኖርኩት ስህተት በእግሩ መጣልኝ። ተነሥቼ «ከአሥር ሰው ስድስት ቢመጣ፣ ከስድስቱ አራት ቢደግፍ፣ አራት የአሥር አብዛኛው ነው ወይ?» አልኩ።

«እንግዲያው ጸሐፊው ይቁጠር፣ መምህር» አለ። ጸሐፊው አማቹ ነው።

«መቁጠር አያስፈልግም» አልኩ። ለቀረው አባል ሁሉ፣ ስሙ እየተጠራ፣ አንድ አንድ ድንጋይ መሬት ላይ አስቀመጥን። እጅ ያወጣ ሁሉ ካላወጣ ሰው ወይም ከአንድ ድንጋይ ጋር ይጣመር፤ ተጣማሪ ያጣው ወገን ይበልጣል አልኳቸው። ሰዉ እየሳቀ ጥንድ ጥንዱን ያዘ። እኔም ሚዜ እንደሚያሰልፍ ሰው መሐላቸው ተንጎራደድኩ።

ሰዉም ድንጋዩም ሲያልቅ፣ እጅ ካወጡት አንድ ሰው ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። አባቴ ነበሩ። እጅ ሲወጣ የእሳቸውን አላየሁም ነበር፤ የሚፈተሸው የሌላው ነው ብዬ።

«አባዬ፣ እርስዎም አወጡ?»

«ሊቀመንበሩ ፊት ለፊቴ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ምን ላድርግ፣ ልጄ? የቤት ጎረቤቴ ነው። የእኔ አንድ እጅ ምን ይለውጣል ብዬ ነው።»

ሊቀመንበሩ በትሕትና አመሰገነኝ። አካሄዱ ስህተት ነበር፤ መደምደሚያውን ግን እኔው አረጋገጥኩለት።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ አባቴ የደረቀውን ቦይ ተሻግረው ማሳቸው ጫፍ ላይ ቆሙ፤ ሽንኩርቱን ብዙ ጊዜ አዩት።

«ይህን ሁሉ ተምረህ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አንድ ድንጋይ መጨመር አቃተህ?»