በአባባ ቆርቆሮ ውስጥ የነበረችው ተርብ

ይህ የሆነው አምና፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት በሚሰረስርበት በኅዳር ወር ነው። የጠዋት ፀሐይ በመስኮታችን በገባች ቁጥር ትዝ ይለኛል። እንዲያውም ነገሩ የጀመረው እዚያው መስኮት ሥር፣ እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነበር።

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ሰላ ድንጋይ አካባቢ ባለች ትንሽ ደብር ቄስ ነበሩ። አገሬው «መምሬ» ይላቸዋል። ሲያረጁ እኛ ቤት ገቡ። ይዘው የመጡት ጋቢያቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና አንድ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለች፣ ማር የመሰለች፣ አውራ ጣት የምታክል ድንጋይ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያሳዩኛል። መካከሏ ላይ የተልባ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነገር አለች።

«አባባ፣ ይቺ ዝንብ ለምን ገባች?»

«ማር መስሏት ነዋ። አንቺስ ብትሆኚ አትገቢም ነበር?»

ጣፋጭ እንደምወድ ያውቃሉ።

የድንጋይዋን ታሪክ የነገረችኝ ግን እማዬ ናት። አንድ የቆላ ሰው ለንግሥ ሲመጣ «የእኛ አገር እጣን ነው» ብሎ ሁለት ቁራጭ ለአባባ ይሰጣቸዋል። አባባም አምነው በንግሡ ዕለት አንዱን ሰባብረው ጽናው ውስጥ ፍሙ ላይ ይጨምሩታል። ጥቁር ጭስ ተነሣ፤ ሽታው የተቃጠለ ጥድ። ዲያቆኑ አነባ፣ መዘምራኑ በሳል አቋረጡ፣ ሕዝቡ ወደ በር ገፋ። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ባልቴት «መምሬ፣ ሌላ ጊዜ ሰይጣኑን ብቻ ያስወጡልን፣ እኛ እንቆይበት» አሏቸው አሉ። ያቺ ቀልድ እስከ እርጅናቸው ተከተለቻቸው። እማዬ ስትጀምረው አባባ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው «በቃ፣ ሰምታለች» ይሉ ነበር።

አባባ ባረፉ በሁለተኛው ዓመት ባዮሎጂ ላይ ስለ ነፍሳት ተማርን። «ዝንብ ሁለት ክንፍ ብቻ ነው ያላት፤ ንብና ተርብ አራት አራት» አለን ቲቸራችን። እኔ የአባባ ዝንብ ትዝ አለችኝ። ቤት እንደገባሁ ቆርቆሮውን ከፍቼ ወረቀቱን ፈታሁና ከትምህርት ቤት በተዋስኩት ማጉያ መነፅር አየኋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ። አራት።

በማግስቱ በመሐረብ ይዣት ሄድኩ። ቲቸራችን እያገላበጠ አያት፤ ከዚያ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ አዲስ አበባ ላሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ላስተማሩት ዶክተር ላከላቸው። ዶክተሯ በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ማይክሮስኮፕ ይዘው መጡ።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ድንጋይ ያልነው ከጥንት ዛፍ የፈሰሰ ሙጫ ነው፤ ሚሊዮኖች ዓመታት ተቀብሮ ሲጠነክር አምበር ይባላል አሉን። «ይቺም ተርብ ናት። ግን የክንፏ መስመር ከማውቃቸው ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመልኝም። አዲስ ዝርያ ብቻ አይደለችም፤ ራሷን የቻለች አዲስ ጂነስ፣ ማለትም አዲስ የዝርያዎች ወገን፣ ልትሆን ትችላለች።»

ያ የተቃጠለው ቁራጭ ውስጥስ ሌላ ኖሮ ይሆን ብዬ የጽናውን ታሪክ ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ለመሆኑ ከየት ነው የተገኘችው?» አሉኝ።

«ከአባባ ቆርቆሮ።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «አምበር በንግድ ከባሕር ማዶም ይመጣል፣ የእኔ ልጅ። የወጣችበት ቦታ ካልታወቀ ጌጥ ናት፤ ስለሷ ጥናት ልጽፍ አልችልም።»

ያን ጊዜ የተጠቀለለችበት ወረቀት ትዝ አለኝ፤ የአባባ ጽሑፍ ነበረበት። ሳላነበው አልጋ ላይ ጥዬው ነበር የሄድኩት። አልጋው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስንቴ ተነጥፏል።

ሮጬ ቤት ገባሁ። «እማዬ፣ የአባባ ወረቀት፣ የቆርቆሮው!»

«ምን ያስሮጥሻል? ፊደል ያለበት ወረቀት፣ ያውም የቄስ ጽሑፍ፣ እኔ መቼ ጥዬ አውቃለሁ?» አለችና ከአልጋው ሥር አንድ ማዳበሪያ ጎተተች። የአባባ ወረቀት እንዳይቃጠልም እንዳይረገጥም ሁሉንም እዚያ ታጠራቅማለች። ወለሉ ላይ ዘረገፍነው። የንስሐ ልጆቻቸው ስም፣ ያልተላኩ ደብዳቤዎች፣ የማር ገንቦ ላይ የነበረ ብጣሽ ሳይቀር «ከእገሌ፣ ከእገሌ አገር» ይላል። አባባ የተቀበሉት ነገር ሁሉ ላይ የሰጪውንና የአገሩን ስም ይጽፋሉ። «ስም የሌለው ስጦታ የተሰረቀ ይመስላል» ይሉ ነበር።

ማዳበሪያው ሊያልቅ ሲል አገኘሁት። በቀይና በጥቁር ቀለም፣ በዚያ በቁም ጽሕፈታቸው፦

«ከመርሐቤቴ፣ ከወንጪት ገደል፣ በአቶ ተክሌ እጅ የመጣ። እጣን አይደለም።»

የመጨረሻዋ መስመር ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ከልባችን ሳቅን። ከዚያ እማዬ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ዶክተሯ በወረቀቱ ተመርተው ገደሉ ድረስ ወረዱ፤ እዚያው ዓለቱ ውስጥ ያንኑ ሙጫ አገኙ። ሲመለሱ ግን እኛ ቤት መጥተው ያልጠበቅኩትን ነገሩኝ። ለአዲስ ጂነስ መነሻ የሆነች ተርብ ማንም ተመራማሪ መጥቶ እንዲያያት ለዘላለም ሙዚየም መቀመጥ አለባት። «ትሰጪኛለሽ?»

ከአባባ የቀረችኝ እሷ ነበረች። እማዬን አየኋት። «ክንፏን የቆጠርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ወስኚ» አለችኝ። መስኮቱ ጋ ሄጄ አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረግኳት፤ ከዚያ ከነወረቀቷ ሰጠኋቸው።

ስዕሉ፣ ልኬቱ፣ ከሌሎች ጋር ማነጻጸሩ ዓመት ፈጀ። ባለፈው ወር ጽሑፉ ወጥቶ ሙዚየሙ ጠራን። ድንጋይዋ ለምርመራ ተሞርዳ አንሳለች። ከጎኗ ምላሴ የማይገለብጠው የላቲን ስሟ፣ ከሱ ሥር ደግሞ የአባባ ወረቀት ከነእጥፋቱ።

«አባባ ዝንባቸው እዚህ እንደምትደርስ ቢያውቁ» አለች እማዬ ጎንበስ ብላ።

«ዝንብ አይደለችም፣ እማዬ።»

«አንቺም ጀመርሽ» አለችኝና ጣቷን በመስታወቱ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ከተሰመረባት «እጣን አይደለም» ትይዩ አሳረፈች።

ድንጋይዋ ትናፍቀኛለች፤ ግን አልቆጨኝም። ቆርቆሮውን የእስክሪብቶ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። ይህንንም የጻፍኩላችሁ ከዚያው በወጣ እስክሪብቶ ነው። የተሰረቀ እንዳይመስል ስሜንና አገሬን ከታች አስፍሬያለሁ።

ፍሬሕይወት፣ ከደብረ ብርሃን