መርዶና የፖስታ ቤቷ ሴትዮ

ስልኩ የተደወለልኝ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ካሊፎርኒያ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ካለችው ሱቄ በር ላይ ጤፍ ሳራግፍ ነው። ደዋዩ ሳን ሆዜ የሚኖረው የቲቸር የእህት ልጅ ነበር። ቲቸር የምንላቸው ሰባውን የተሻገሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ለእኛ ለትልልቆቹ እንግሊዝኛ ያስተምሩናል። በነፃ። እኔም ስለ ክፍሏ ኪራይ አንስቼባቸው አላውቅም፤ ተማሪው ሲወጣ በርበሬ ሳይገዛ አይሄድማ።

«ደሴ የሚኖረው አጎቴ አረፈ» አለኝ ልጁ። «የአክስቴ ታናሽ። እሷ ግፊት አለባት፤ እሁድ ማለዳ ሽማግሌ ይዘን ቤቷ ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ፌስቡክ ላይ እንዳታየው ስልኳን አንድ ነገር አድርግልኝ። ለማንም እንዳትናገር።»

ለማንም እንዳትናገር ማለት በእኛ ዘንድ ለሁሉም ንገር፣ ከባለቤቱ ብቻ ደብቅ ማለት ነው። ዓርብ ሲመሽ ያልሰማ ተማሪ አልነበረም። ስልካቸውን ግን ሐሙስ ዕለት ራሴ ተቀብያቸው ነበር። «ስክሪኑ ተሰንጥቋል፤ እዚሁ ቅርብ፣ ዳብሊን ከተማ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፣ ፊክስ ያደርግልዎታል» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉኝ። ከስድብ ሁሉ የከበደኝ ምርቃት እሱ ነው።

ቅዳሜ እንደ ወትሯቸው መጡ። ያን ሰሞን የምናነበው ከላይብረሪ የተዋሷትን ቀጭን መጽሐፍ ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የፖስታ ቤት ኃላፊም አስተማሪም የነበረች ሴት ታሪክ። ባሏ ሲሞት ሥራው ለእሷ ተሰጣት። ፖስታ ቤቱ የገዛ ሳሎኗ ነው። ደብዳቤው በፈረስ ሠረገላ ይመጣል፣ እሷ ለይታ ታድላለች፤ ሠረገላ በሌለበት ቀን ያቺው ጠረጴዛ ትምህርት ቤት ትሆናለች። ማንበብ የማይችል ገበሬ ደብዳቤውን ሊወስድ ሲመጣ አታነብለትም፤ ከልጆቹ ጎን አስቀምጣ ፊደል ታስቆጥረዋለች። ይህን ስሰማ ሴትዮዋ ነጋዴ እንዳልነበረች ገባኝ። እኔ ብሆን አንብቤ አስከፍል ነበር።

የዚያን ቀን የደረስንበት ገጽ ስለ ሐዘን ደብዳቤ ነው። በዚያ ዘመን የሞት ወሬ የያዘ ፖስታ ጠርዙ ጥቁር ነበርና ሳይከፈት ይታወቃል። እንዲህ ያለው ሲደርሳት ከሌላው ደብዳቤ ጋር አታቀብልም። ልጆቹን አሰናብታ፣ ሽርጧን አውልቃ፣ በእግሯ እስከ ሐዘንተኛው ደጃፍ ትሄዳለች። ቀን አትመርጥም፤ ሰው አታሰባስብም።

ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺ፣ ልክ ነች ወይስ ተሳስታለች? በእንግሊዝኛ!»

ከሪችመንድ የሚመጣው፣ አፉ እረፍት የማያውቀው ሾፌር ጫማውን ማየት ጀመረ።

«አንተ ደግሞ ዛሬ ምላስህን መኪና ውስጥ ረሳኸው?» አሉት።

ፓርኪንግ የምትሠራዋ ሴት ቀደመችው። «በጣም ራሽ አደረገች፣ ቲቸር። ዘመድ እስኪሰበሰብ ብትጠብቅ ምን ነበረበት?»

«በእንግሊዝኛ አልኩ እኮ።»

«ዌይት!» አለ ሾፌሩ ድንገት። «ዌይት ኢዝ ጉድ፣ ቲቸር! እስከ እሁድ ዌይት ብታደርግ ምናለ?»

«ለምን እሁድ?»

ቲቸር አንድ በአንድ አዩን። ፓርኪንግ የምትሠራዋ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። በመጨረሻ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ስልኬ ዳብሊን ነው?»

«አይደለም፣ ቲቸር። መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ማን ነው?»

ግፊታቸውን አሰብኩ፣ የእህታቸውን ልጅ አሰብኩ። ለገበያ የሚሆን ውሸት ሞልቶኛል፤ ለዚህ የሚሆን ግን ፈልጌ አጣሁ።

«ወንድምዎ ናቸው» አልኩ። «ታናሽዎ።»

አልጮሁም። «መቼ?»

«ረቡዕ አርፈው ሐሙስ ተቀበሩ።»

«ሐሙስ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እዚህ በር ላይ ቆመን በሽንኩርት ዋጋ ስንስቅ ነበር።»

ከዚያ «ወንድሜን!» ብለው ተነሡ። ሾፌሩ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ይዘን የጤፍ ጆንያ ላይ አስቀመጥናቸው። ፓርኪንግ የምትሠራዋ ውሃ አመጣች። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። ሽሮ ሊገዙ የገቡ አንድ አዛውንት ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡና አብረው አለቀሱ።

የእህታቸው ልጅ ከሳን ሆዜ ሲደርስ ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። «ሱቅ ውስጥ? በርበሬ መሃል? ሽማግሌ ተለምኖ፣ ሁሉ ነገር አሬንጅ ተደርጎ! እሷ አንድ ነገር ብትሆንስ?»



«እሱን ተወው» አሉ ቲቸር ከተቀመጡበት። «የወንድሜን የቀብር ቀን በሳቅ አዋላችሁኝ፤ አሁን ደግሞ የማለቅሻ ቦታ ታማርጥልኛለህ?»

ልጁ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አነባ። ለካ ለሰው ሁሉ ሲደውል፣ ሽማግሌ ሲለምን፣ ሰዓት ሲቀጥር፣ ለገዛ አጎቱ አላለቀሰም ነበር። ቲቸር እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው፣ «አይዞህ፣ አልቅስ» እያሉ ያባብሉት ጀመር።