ጨው አለ የተባለ ቀን

እህቴ ለሃያ ሦስት ዓመት የከተማው ጨው መጋዘን ባለቁልፍ ነበረች። የሠፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «ባለቁልፏ» ነው የሚላት፤ እኔ ታናሿ ስለሆንኩ እትዬ እላታለሁ። ሁለታችንም አላገባንም። የአባታችንን ቤት ተካፍለን ነው የምንኖረው፤ እሷ የፊት ለፊቱ ክፍል፣ እኔ የጓሮው። ጨው ብረት እንደሚበላ ያወቅኩት ከእሷ ነው። የመጋዘኑ ቁልፎች በየሳምንቱ ዘይት ካልተቀቡ እምቢ ይላሉ፤ ጫማዋ ስድስት ወር አይቆይም፤ ጣቶቿ ከመሰነጣጠቃቸው የተነሳ ሎሚ በጨመቀች ቁጥር «እህህ» ትላለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን አውልቃ ታራግፋለች፤ አንዲት ቅንጣት ይዛ ወጣች እንዳይሏት። ዘበኛው ይስቅባታል፤ «ኧረ እመቤት፣ ለአንድ እንቁላል እንኳ አይበቃም እኮ!» ይላታል። እሷ ወይ ፍንክች! ሐቀኛ ናት ይሏታል፤ እኔ ግን አብሬያት ስለምኖር ግትር ናት እላለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለች ሰው ጨው ሲያልቅባት እንደማንም ከሱቅ ትገዛለች። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። ኧረ ምን አስዋሸኝ፣ የመጣው ከእኔው አፍ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፣ እኔ መጋረጃ ላሳጥር አጠገቧ ቆሜያለሁ። እትዬ ሁለት ኪሎ ጨው በፌስታል አንጠልጥላ ከሱቅ ስትመለስ በፊታችን አለፈች።

«ምነው፣ ባለቁልፏም ጨው ትገዛለች እንዴ?» አለችኝ ልብስ ሰፊዋ።

እኔ ደግሞ ምላሴ መቼ አርፎ ያውቃል! «እሷ ከገዛችማ መጋዘኑ ባዶ ነው ማለት ነው፤ አንቺም ሳይጠፋ ቶሎ በይ!» ብዬ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ መጋረጃዬን ሰጠችኝ፣ ወደ ቤቴ ገባሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ምነው አፌን በቆረጠው ኖሮ!

ከሰዓት በኋላ ስወጣ የሱቁ ደጃፍ ሰው በሰው ሆኗል። «ምንድን ነው?» ብል፣ «አልሰማሽም እንዴ? ጨው ሊጠፋ ነው። እህትሽ ራሷ ሃያ ኪሎ አስገባች ሲሉ አልነበር?» አለችኝ አንዷ። ክው አልኩ። ሁለቷ ኪሎ በግማሽ ቀን ሃያ ገብታለች። ቀልድ እኮ ነው፣ እኔ ነኝ ያልኩት ልላቸው አፌን ስከፍት የሰዎቹን ፊት አየሁና ፈራሁ። የሒሳብ አስተማሪው፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ሳያነሳ የማያልፈው ሰውዬ፣ ሦስት ከረጢት ደረቱ ላይ አቅፎ እንዳላየኝ ሆነ። አፌን ዘግቼ ተመለስኩ። ለእትዬም አልነገርኳት።

ረቡዕ ባለሱቁ የቀረውን ጨው ከመደርደሪያ አወረደ። «ነገ በስንት እንደምተካው ሳላውቅ ዛሬ እንዴት ብዬ ልሽጥ?» አለ። ሌሎቹም እንደዚያው አደረጉ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቶ ከተማው ውስጥ ጨው በእውነት ጠፋ። ይኼኔ ከንቲባው ድምጽ ማጉያ የተጫነበት መኪና ላከ። «ጨው አለ! ሕዝቡ አይደናገጥ!» እያለ ዞረ። እስከዚያ ያልደነገጠው ሁሉ ያኔ ደነገጠ።

«ካለ ምን ያስለፈልፋቸዋል? ስኳር አለ እያሉ በመኪና ሲዞሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ። እውነት ለመናገር እኔም ሰምቼ አላውቅም። ከንቲባውን የሚወድ ጨው አለ ይላል፣ የሚጠላው ለአማቾቹ ሸጦታል ይላል፤ በሱቁ ደጃፍ ሰልፍ ላይ ግን ሁለቱም ተቃቅፈው ቆመዋል ማለት ይቻላል።

እትዬ የጠየቃትን ሁሉ ቆማ ታስረዳለች። «በዓይኔ እያየሁት፣ ለዓመት የሚበቃ አለ።» እነሱ አንገታቸውን ይነቀንቁና ዞር ሲሉ፣ «እንድትል ተነግሯታል» ይባባላሉ። እኔ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት የግቢያችን በር ተደበደበ። ስከፍት ልብስ ሰፊዋ ከፊት፣ ከኋላዋ መንገዱን የሞላ ሰው። ገፍተውኝ ገቡ። አልጋ አነሱ፣ ቁምሳጥን ገለበጡ፣ የጓሮዬን ክፍል ሳይቀር በረበሩ። ያገኙት ያችኑ የማክሰኞዋን ፌስታል ነው።

«ሁለት ኪሎ ብቻ?» አለ አንዱ።

እፎይ ልል ነበር። «ሌላውንማ አሽሽታዋለች!» አለ ሌላው፣ ሁሉም አጉረመረመ። እትዬ ከክፍሏ ስትወጣ አንድ ጎረምሳ ክንዷን ጨምድዶ ያዘ። እጁ ላይ ድንጋይ አየሁ። ሊገድሏት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እህቴን በእኔ ቀልድ ሊገድሉብኝ ነው።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ወሬውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ! ስቀልድ ነው! አንቺ፣ ተናገሪ እንጂ፣ ላንቺ አይደል ያልኩት?»

ልብስ ሰፊዋ በሐዘኔታ አየችኝ። «አይ የእህት አንጀት! ልታድናት እኮ ነው፤ አትፍረዱባት» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «አንቺ ብቻ ያልሽው መሰለሽ? እኔ እኮ ከስንት ሰው ነው የሰማሁት» አለችኝ። እየዋሸች አይደለም፤ ከልቧ ነው።

እትዬ ግን ዞራ አየችኝ። ያኔ ነው የሰማችው። ምነው ብትሰድበኝ አልኩ። ክንዷን የያዛትን ልጅ፣ «ልቀቀኝ፤ ኑ፣ መጋዘኑን በዓይናችሁ እዩት» አለችው።

«እትዬ፣ አይሆንም! ያለ ኃላፊው ትእዛዝ?»

«እና እዚሁ ይጨርሱኝ?» አለች።

መጋዘኑ ድረስ ደግፌያት ሄድኩ፤ ማን ማንን እንደደገፈ እንጃ። ዘበኛው ሕዝቡን ሲያይ እግሬ አውጪኝ አለ። ቁልፉ ሦስቴ ከእጇ ወደቀ። በአራተኛው ከፈተች።

በጨው የተሞላ ማዳበሪያ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሰዉ በሩ ላይ ቆመ። ተመስገን፣ አለቀ፣ ተረፍን አልኩ።

«ይኼን ሁሉ ይዛችሁ ነው የደበቃችሁን?» አለ አንድ ድምጽ ከኋላ።

ከዚያ ወዲያ ማንም የሰማ የለም። ግር ብለው ገቡ። እትዬን ከግድግዳው አጣበቋት፤ «ለሁሉም ይበቃል! ለዓመት ይበቃል!» እያለች ትጮሃለች። የሒሳብ አስተማሪው ማዳበሪያ በጥርሱ ሲቀድ አየሁት። ልብስ ሰፊዋ በመቀሷ ትተረትራለች። አቧራው ዓይን ያቃጥላል፣ ሰው ሰውን ይረግጣል፣ የሚያለቅስም አለ። ክምሩ ጎደለ፣ ወገብ ላይ ደረሰ፣ ጉልበት ላይ ወረደ።

እኔ ወደ እትዬ ልደርስ ነበር የምጋፋው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ተንበርክኬ ራሴን አገኘሁት። ቀሚሴን ዘርግቼ በሁለት እጄ ከወለሉ ጨው እዝቃለሁ። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ፣ ቀልድ መሆኑን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የማውቀው እኔ! ግን ይዝቃሉ፣ ሁሉም ይዝቃሉ፣ ወለሉ መታየት ጀምሯል።

ቀና ስል እትዬ በላዬ ቆማለች። ሁሌ ከዓይኗ የማይለየው መነጽሯ የለም፣ ከንፈሯ ደምቷል።

«አንቺም?» አለችኝ።

ቀሚሴን አጥብቄ ወደ ደረቴ ሰበሰብኩት።

«ቢጠፋስ፣ እትዬ?» አልኳት።