ከዝን የበዛለት ሰው

ይኸነው እንጅባራ ውስጥ የማይዛመደው ባለሥልጣን አልነበረም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ከዝኑ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ከዝኑ ነው። ዳንግላ ላይ የተከፈተው አዲስ ሆቴል ባለቤትም፣ ሆቴሉ በተመረቀ ማግስት፣ ከዝኑ ሆኖ ተገኘ። ሥራው ቤትና ቦታ ማሻሻጥ ነው፤ ቢሮ የለውም፣ ዘመድ አለው።

«ለምን የአጎቴ ልጅ አትልም?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«የአጎቴ ልጅ ካልክ የትኛው አጎትህ ይሉሃል። ከዝኔ ካልክ የሚጠይቅህ የለም።»

እውነቱን ነበር። አማርኛው የአጎት ይሁን የአክስት፣ በእናት ይሁን በአባት ሳያስለይ አይለቅም። እንግሊዝኛው ግን ሁሉንም ባንድ ጆንያ ይከታል። ይኸነው ያን ጆንያ ይዞ አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ሲከትበት ኖረ።

እውነተኛውን የአጎቱን ልጅ ብቻ አልከተተውም። አወቀ ይባላል፤ አዘና አጠገብ ድንች ያመርታል፣ ከሰል ያከስላል። ተማሪ ሳለን ሦስታችን እንጅባራ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። የአወቀ እናት እሁድ እሁድ ስንቅ በአህያ ትልክልናለች። ይኸነውና አወቀ ዳሩ በእሳት የተቃጠለ አንድ ጋቢ ለብሰው ይተኛሉ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ወንድማማቾቹ ነበር የምንላቸው። ክረምት ሲገባ አሁንም ያ ጋቢ ትዝ ይለኛል።

አምና አወቀ ድንቹን ሸጦ ሲመለስ ይኸነውን ሆቴል በረንዳ ላይ አገኘውና ሊጨብጠው ቀረበ። ይኸነው የተቀመጠው ከስማቸው ጋር ነበር። ስማቸው የአዲስ ቅዳምን ከሰል በአይሱዙ አዲስ አበባ የሚያደርስ ነጋዴ ነው፤ እሱም ከዝን ነው። ይኸነው ጥሩ ጥሩ ቦታ እስካገኘለት ድረስ ስማቸውም ዝምድናውን አልካደም።

«ማነው?» አለ ስማቸው።

«የሰፈር ሰው ነው። አውቀዋለሁ።»

አወቀ የዘረጋውን እጁን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ከዚያ ይኸነው የስማቸውን እህት ማናለብሽን ወደደ። ዳንግላ መድኃኒት ቤት አላት። በአርባ ሁለት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የወደደው ለሥራ አልነበረም፤ ክብደቱ እስኪቀንስ ድረስ ወደዳት። እሷም እሺ አለችና አዲስ ቅዳም ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ ተላከ። አንዱ እኔ ነበርኩ።

የማናለብሽ አጎት፣ አያ ትዕዛዙ፣ ነገራችንን እስክንጨርስ ሰሙን።

«ይኸ ልጅ ለስማቸው ምኑ ነው?» አሉ።

«ምኑም አይደለም» አልን።

«ከዝኔ ነው እያለ ይዞራል አሉ። ከዝን ማለት ምን ማለት ነው፣ መምህር?»

ልዋሽ ፈለግሁ፤ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እንግሊዝኛ ነው። «የአጎት ወይም የአክስት ልጅ» አልኩ።

«እንግዲያ እህቱን ነው የጠየቀን። በሉ ዘር ይቆጠር።»

እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ባንድ አያት የሚገናኝ አይጋባም። የአባቶቹን ስም ለሚያውቅ ሰው ቆጥሮ ነጻ መውጣት ቀላል ነው። ይኸነው ግን የከዝኖቹን ሁሉ ስልክ በቃሉ እየተናገረ ከአያቱ አባት በላይ አላለፈም። በቤተሰቡ ቀሪውን የሚያውቀው አወቀ ብቻ ነበር፤ ከአባቱ ተምሮታል። ይኸነው አምስት ኪሎ ስኳር ይዞ አዘና ወረደ።

በሚቀጥለው እሁድ አወቀ ነጭ ጋቢ ለብሶ ከእኛ ጋር አዲስ ቅዳም መጣ።

«አንተስ ምኑ ነህ?» አሉት አያ ትዕዛዙ።

«የሰፈር ሰው ነኝ። ያውቀኛል።»

የሰፈር ሰው የሌላውን ዘር አይቆጥርም።

«የአጎቴ ልጅ ነው» አለ ይኸነው ወለሉን እያየ።

«አልሰማሁም» አለ አወቀ።

«ወንድሜ ነው።»

አወቀ ጉሮሮውን ጠረገና መቁጠር ጀመረ። አንዱን አባት ከሌላው ሳያምታታ፣ የማንን መሬት ማን እንደወረሰ እየጨመረ ወጣ። አያ ትዕዛዙ የእነሱን ወገን በጣታቸው ይከተላሉ። አምስተኛው አለፈ። ይኸነው ትንሽ ቀና አለ።

«ስድስተኛው ቢያድግልኝ» አለ አወቀ።

የሽማግሌው ጣት አየር ላይ ቀረ። «የትኛው ቢያድግልኝ?»

«በቅሎው ገደል የገባችበት።»

«እሱማ የኛ አባት ነው» አሉ አያ ትዕዛዙ።

የጓዳው መጋረጃ ተገልጦ ነበር፤ ማናለብሽ ስትለቀው አየሁ። ስማቸው ራሱን ነቀነቀ።

«አሥር ዓመት ሲነግረን ውሸት መስሎን» አለ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው።

«አወቀ» አለ ይኸነው እንጅባራ መዳረሻ ላይ፣ «እውነት ያ ቢያድግልኝ የኛ ነው?»

አወቀ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ» አለ። «ዘመድ የምታውቀው አንተ።»