የሸማኔው ጉድጓድና የዝናብ ቀን እንግዶች

እስቲ ይህን ጉድጓድ ተመልከቱት። ሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ወለል ላይ የተቆፈረ ነው። እንድርያስ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰድና፣ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየሰደደ ሸማ ይሠራል። ከጨንቻ በልጅነቱ መጥቶ ጎጆ የወጣው፣ ልጅ ያሳደገው፣ ልጅ የዳረው እዚሁ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ነው።

የከተማችን አስጎብኚዎች ግን ለጉድጓዱ ሌላ ሥራ አግኝተውለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ሲገባ እንጦጦ ጉም ይለብሳል። ፈረንጁ ከተማውን ቁልቁል አያለሁ ብሎ ማርያም ድረስ ይወጣና የገዛ ጫማውን ማየት ያቅተዋል። ምን ይደረግ? ከጣራ ሥር የሚታይ ነገር ይፈለግለታላ! ሙዚየም ይወሰዳል፤ እሺ፣ ይሁን። መብራት ከጠፋ ደግሞ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ይነዳል፤ አገሩ ትቶት የመጣውን በርገር እኛ ጋ መጥቶ እንዲበላ። እሱም ሲሰለቸው «እውነተኛውን ሕይወት እናሳይህ» ይባልና ቫኑ ሽሮ ሜዳ ይቆማል። እውነተኛው ሕይወት እንድርያስ መሆኑ ነው። ማን እንደሾመው እንጃ!

እንድርያስ ደግሞ አንድ አመል አለበት። ሰው በበሩ ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል አይሆንለትም። ትልቅም ይግባ ትንሽ፣ የተጠራም ይሁን ዝናብ ያባረረው፣ ብድግ ነው። አስጎብኚው ቢሊሱማ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። እንድርያስ ሲነሳ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሲሆን ቢሊሱማ አንዱን እንግዳ ያስቀምጥበታል።

«ጋሽ እንድርያስ፣ አንዴ ይሞክር፤ ለፎቶ ነው።»

«ምን ቸገረኝ፣ ይሞክር» ይላል እንድርያስ። እንግዳው የሠራትን ጠማማ ሥራ ሲፈታ ይውላል።

ባለፈው ሐምሌ ግን የተወጠረው ድር ሌላ ነበር። የልጅ ልጁ እሑድ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ክርስትና ስትነሳ የምትጠቀለልበት ነጠላ ነው። ፈትሉን የፈተለችው ሚስቱ ጸሐይ ናት፤ ልጇ ማርገዟን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ፣ ስስ አድርጋ።

ዓርብ ዕለት ዝናቡ ወረደ፤ ቫኑም መጣ። እንድርያስ ብድግ አለ። አንድ ረጅም ሰውዬ የእንጦጦን ጭቃ ያላራገፈ ቦት ጫማውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተና መርገጫውን እንደ ብስክሌት ረገጠው። ድሩ ጠሽ፣ ጠሽ እያለ ተበጠሰ። ሁሉም ሳቁ። ቢሊሱማም ሳቀ።

«ይቀጠላል አይደል፣ ጋሽዬ?»

«ይቀጠላል።»

ጸሐይ እንግዶቹ እስኪወጡ ጠብቃ ወደ ባሏ ዞረች።

«ይቀጠላል አልክ? አንተ ሰውዬ፣ ሕፃኗን ቋጠሮ ልታለብሳት ነው?»

«እንግዳ ነዋ! ምን ልበለው?»

«ምንም አትበል። ብቻ አትነሳ።»

«ቁጭ ብዬ ልቀበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«የቱ ሰው? ያ ከነጭቃው ሥራህ ውስጥ የገባው?»

የዚያን ቀን ከሰዓቱን የተበጠሰውን ሲያገናኝ ዋለ። ቅዳሜ ዝናቡ አልተወም፤ ቢሊሱማም አልተወም። «ቤቶች!» ብሎ ገባ፣ እንግዶቹን አስከትሎ። ነጠላው ገና ጥለቱ ይቀረዋል። አሁን አንድ ሰው ቢቀመጥበት ለእሑድ አይደርስም፣ አለቀ። የእንድርያስ ጉልበት ብድግ ሊል ሲል ጸሐይ ከእንዝርቷ ቀና ብላ አየችው። ተመለሰ። በሐምሌ ብርድ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«እንደምን ዋላችሁ... እ... ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቁጭ ብዬ ነው» አለ።

ቢሊሱማ ጆሮው ሥር ጎንበስ አለ። «ጋሽዬ፣ አንዴ ይነሱ እንጂ። ሰዎቹ እኮ ከፍለዋል።»

«ለማን?» አለች ጸሐይ።

ቢሊሱማን ሳል ያዘው።

እንግዶቹስ? እንደተናቁ ማን ነግሯቸው! አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ ዝናቡ እስኪያባራ የመወርወሪያውን ድምፅ እየሰሙ አዩ። ማየት የሚባለውን ነገር ያን ቀን ሞከሩት። ሲወጡ እጅ ነስተው ወጡ።

እሑድ ነጠላው ደረሰ። ቋጠሮዎቹ ሲዳሰሱ ይታወቃሉ፤ ጸሐይ የሕፃኗን ገላ እንዳይነኩ ወደ ውጭ አድርጋ ጠቀለለቻት።

እንድርያስ ግን ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። «አባቴ፣ እንግዳ ቁጭ ብዬ ተቀበልኩ» ብሎ ተናዘዘ! ሰው በቫን እየጫነ የሰው ሥራ የሚያስበጥሰው እንቅልፉን ይለጥጣል፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሥራውን የሠራው ይናዘዛል። ይህችን ከተማ ምን ብዬ ልስደባት?

ዝናብ ሲይዛችሁ ግቡ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ማንም አይመልሳችሁም። ጫማችሁን አራግፉና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እሱ እንደሆነ አመሉን አይተውም፣ መነሳቱ አይቀርም። እባካችሁ፣ ከመቀመጫው ንቅንቅ ከማለቱ በፊት እናንተ ቅደሙና «በእግዜር፣ ይቀመጡ» በሉት።