ሦስት ሚሊ ሙሉ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ኪስ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ይዞ መጣ። የግቢያችንን የብረት በር ቅባት ነካ አድርጎ የመሣሪያውን ጫፍ ሲያስጠጋበት ቁጥር ብቅ አለ።

«የላሜራው ውፍረት ነው፣ አባባ። መብሳት የለ፣ መቁረጥ የለ፤ ከውጭ ሆኖ ይነግርዎታል።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው፣ አመመዎት?»

«የለም» አልኩት። «ዘግይቶ መጣ ብዬ ነው።»

በጃንሆይ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በጥሩ ውጤት ተመርቄ አንድ ካሊፐር ተሸልሜ ነበር። ብረቱን በሁለት መንጋጋው ነክሶ ውፍረቱን እስከ ሚሊሜትር ዐሥረኛ የሚናገር መሣሪያ ነው። ጫፉ እንዲታይ አድርጌ በደረት ኪሴ ይዤው መርካቶን እዞር ነበር። ያኔ አሮጌ ብረት የሚገዛውም የሚሸጠውም በዓይኑና በአውራ ጣቱ ነበር የሚገምተው። ክርክር ሲጠና «ባለ ካሊፐሩን ጥሩት» ይባላል። እመጣለሁ፣ እነክሳለሁ፣ ቁጥሩን እናገራለሁ፤ ክርክሩ ያልቃል። ሽማግሌዎች በእኔ አፍ ሲስማሙ ማየት እንዴት ይጣፍጠኝ ነበር!

ሸምሱ አብሮ አደጌ ነው። ከጭድ ተራ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን አንድ ላይ ኳስ ተጫውተን አድገናል። ለዓመታት በሰው ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ፣ አንድ ሰኔ ላይ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የራሱን ሊከፍት ተነሣ። የቀረው አየር የሚታመቅበት ታንክ ብቻ ነበር። አሮጌ ብረት ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ አንድ አገኘና እንድለካለት ጠራኝ።

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። የረጠበ ጭድ ሽታ እስከ ነጋዴው በር ድረስ ይመጣል። ታንኩ አረንጓዴ ቀለም ገና ተቀብቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ላዩ ላይ ያለውን ክብ ክዳን ፈትቼ የቀዳዳውን ከንፈር ነከስኩ።

«ሦስት ሚሊ ሙሉ!» አልኩ።

የካሊፐሩ መንጋጋ ከአራት ጣት በላይ አይዘልቅም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም።

ፊት ለፊት ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ጋሼ ወልዴ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። በትንሽ መዶሻ ላዩን መታ አደረጉት፤ ጮኸ። ጎንበስ ብለው ታቹን መቱት፤ ድምፁ ታፈነ።

«አፉ ደህና ነው፤ ሆዱን ግን አልወደድኩትም» አሉ። «አየር ሲታመቅ ያልበዋል፤ ውሃው ታች ይተኛል። ውሃ የተኛበት ብረት አይታመንም።»

ሸምሱ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ነጋዴውም፣ ከበው የቆሙትም ወደኔ ዞሩ።

«ብረት በጆሮ አይለካም፣ ጋሼ» አልኩ። «ለዚህ እኮ ነው የተማርነው!»

ሰው ሳቀ። ጋሼ ወልዴ መዶሻቸውን ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ሄዱ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው።

ሸምሱ ታንኩን ገዝቶ በደስታ ፉል በትኩስ ዳቦ ጋበዘኝ። ሁለተኛው ሳህን ላይ ስደርስ የመዶሻው የታፈነ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተመልሶ መጣ። የለካሁት ከንፈሩን ብቻ እንደሆነ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። አላወቅኩም ብል ውሸት ነው። ግን ያን ሁሉ ሰው አስቄ፣ በጋሼ ወልዴ ፊት እንዴት ብዬ ቃሌን ልጠፍ?

ክረምቱ ገባ። ኩሊ ላሜራ ባራገፈ ቁጥር እደነግጣለሁ። ነጎድጓድ ሲሰማ ወደ ድልድዩ እዞራለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ።

አንድ ቅዳሜ አልቻልኩምና ሄድኩ። ሸምሱ የጭነት መኪና ጎማ እየሞላ ነበር። ጎንበስ ብዬ የታንኩን ሆድ አየሁት። ቀለሙ አብጦ፣ ዝገት የመሰለች አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

«ሸምሱ፣ ይሄ ነገር ያልበዋል» አልኩት።

«ምን ችግር አለው? አንተ ለክተኸው የለ?»

የመኪናው ሾፌር ያየናል። «ለክቼዋለሁ» አልኩ። ከዚያ በዝናብ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ሰፈሩ ተናወጠ። መብረቅ ነው ብዬ ቀና አልኩ። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም።

የሸምሱ ታንክ ፈንድቶ ነው፤ ሐኪሞቹ ቀኝ እጁን ከክርኑ ላይ ቆረጡት። ሆስፒታል ስደርስ አጎቶቹ አልጋውን ከበው አፈጠጡብኝ። ሸምሱ ግን ቀድሟቸው ተናገረ።

«እሱን ክፉ እንዳትናገሩት። ሦስት ሚሊ ነበር። አየሩን ያበዛሁት እኔ ነኝ፣ ወላሂ።»

ግርጌው ቆሜ ዝም አልኩ። ሲያገግም አጎቶቹ ወደ አባቱ አገር ወሰዱት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እስከ መጨረሻው ጥፋቱን በራሱ ላይ እንዳደረገ እዚያው ማረፉን ሰማሁ።

ከፍንዳታው በኋላ ከጭቃ ውስጥ አንድ ቁራጭ አንሥቼ ነበር፤ ከከንፈሩ እስከ ሆዱ የተቀደደ። ያኔውኑ ለክቼዋለሁ። ከንፈሩ ሦስት ሚሊ ሙሉ ነው፤ ሆዱ አንድ እንኳ አይሞላም።

እሑድ ዕለት ቁራጩን ከሳጥኔ አውጥቼ «ደህና ነው ተብሎ የተገዛ የአየር ታንክ ነበር» ብዬ ለልጅ ልጄ ሰጠሁት። ዝገቱን ፋቅ ፋቅ አድርጎ መሣሪያውን ሆዱ ላይ አስቀመጠ።

«ዜሮ ነጥብ ስምንት!» አለ እየሳቀ። «ይሄን ደህና ነው ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳቁን አቆመ። ያቺን ቃል ከአፌ ሳወጣት የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ቀን አልጋው ግርጌ ብናገራት ኖሮ የሸምሱ እጅ አይመለስም፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ሲል አይኖርም ነበር።